ከካራማራ እስከ ሐረማያ፣ በሁለት ጎማ

ጅግጅጋ ውስጥ፣ ወደ ካራማራ ተራራ በሚያወጣው መንገድ ዳር፣ አንድ ጎሚስታ የባጃጅ ካላማደሪያ ፈግፍጎ ማስቲሽ ይቀባል። ከጎኑ በፕላስቲክ ወንበር ተቀምጠው ሻሂ በወተት የሚጠጡት ጡረተኛ መምህር ሽታው ሲደርሳቸው ብርጭቆውን ከከንፈራቸው መለስ አደረጉ። ሽታው ከሃምሳ ዓመት በኋላም ያው ነው፤ አፍንጫ የሚሰነፍጥ፣ ጥቂት የሚያጥወለውል፣ ግን ሰው ደጋግሞ ሊያሸተው የሚወደው። ያኔ ከዚሁ መንገድ ዳር ሌላ ጎሚስታ የእሳቸውን ብስክሌት ጎማ ይለጥፍ ነበር።

መምህሩ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ጅግጅጋ ሲመደቡ ገና ሃያዎቹን የጀመሩ ወጣት ነበሩ። ብስክሌቷን በሁለተኛ እጅ የገዙት ድሬዳዋ ነው። ቢያንኪ ናት፤ ቀለሟ የተላጠ፣ የኋላ ፍሬኗ ደስ ሲለው ብቻ የሚይዝ፣ ደወሏ ግን ከሩቅ የሚሰማ። ከተማዋም ሻሂው ሳይቀዘቅዝ ዞረው የሚመለሱባት ነበረች። ሜዳ ላይ የተቀመጠች ስለሆነች ጉልበት አትጨርስም። በአንድ ወቅት የጅግጅጋ ገዢ የነበሩት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው፤ የመጀመሪያውን የአማርኛ ተውኔት የጻፉት፣ በ1923 ዓ.ም. የወጣውን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት እሳቸው መሆናቸውን መምህሩ ለተማሪዎቻቸው ሲነግሩ ልጆቹ ከተማቸውን በሌላ ዓይን ማየት ይጀምሩ ነበር። ዛሬ ጅግጅጋ የሶማሌ ክልል ዋና ከተማ ናት። ዩኒቨርሲቲ አላት፤ አውሮፕላን ማረፊያዋ በገራድ ዊልዋል ስም ይጠራል፤ መንገዶቿን ባጃጅ ሞልቷቸዋል። ብስክሌት ለማየት ግን ቆሞ መጠበቅ ያስፈልጋል።

በብስክሌት እስከ ሐረማያ የመጓዝ ሐሳብ የመጣው ከያኔው ጎሚስታ ነው። ጅግጅጋ ተወልዶ ያደገ፣ ከመምህሩ ጋር እኩያ የሆነ፣ አማርኛን ከሶማሊኛ ጋር እያጣፈጠ የሚናገር ወጣት ነበር። አንድ ቀን ከባልዲ ውሃ ውስጥ ካላማደሪያ እየነከረ፣ የአየሩ አረፋ የት እንደሚወጣ እየተመለከተ ጠየቀ።

«መምህር፣ ከሐረር ማዶ ዳርቻው የማይታይ ውሃ አለ የሚሉት እውነት ነው?»

የሐረማያን ሐይቅ ማለቱ ነበር። እሱ የሚያውቀው ውሃ ጠርዝ ያለው ነው። ከከተማው ወጣ ሲሉ ባለው ሜዳ ሰዉ መሬት ቆፍሮ፣ በሲሚንቶ ለስኖ፣ የዝናብ ውሃ የሚያጠራቅምበት ቢርካ አለ። ቢርካ ባለቤት አለው፤ በእሾህ ይታጠራል፤ በድርቅ ጊዜ በቆርቆሮ እየተለካ ይሸጣል። ማንም ያላጠረው፣ ማንም የማይለካው ውሃ መኖሩን ልጁ ሰምቶ ነው እንጂ አይቶ አያውቅም። መምህሩ ደግሞ አይተውታል። እዚያው ሐይቁ አጠገብ፣ በኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ እርዳታ በ1940ዎቹ በተቋቋመው የእርሻ ኮሌጅ የሚማር የወንድም ያህል ዘመድ ነበራቸው። «የጥር ዕረፍት ሲሆን እንሄዳለን» አሉት። ለወጣት እንዲህ ያለ ቃል መስጠት ቀላል ነው።

በማለዳ ወጡ። ጎሚስታው ከተለያየ ብስክሌት የገጣጠማትን ይዟል፤ የፊቱ ቸርኬ ከአንዷ፣ የኋላው ከሌላዋ። ስንቃቸው ተጠቅልሎ የታሰረ ላሆህ፣ ቴምርና በኮዳ የተሞላ ውሃ ነው። ፓምፕ፣ ትርፍ ካላማደሪያና የማስቲሽ ቱቦ ከኮርቻው ሥር ተንጠልጥሏል። መንገዱ ፒስታ ነበር። ጠጠሩ መሪውን እያንቀጠቀጠ እስከ ክርን ያደነዝዛል፤ ላንድሮቨር ካለፈ ደግሞ አቧራው እስኪረጋ ቆሞ መጠበቅ ነው። ከካራማራ ሥር ሲደርሱ ሁለቱም ወርደው እየገፉ ወጡ።

አናቱ ላይ ቆመው ወደ ኋላ ሲያዩ ጅግጅጋ ከሜዳው መሐል ትንሽ ነጭ ነገር ሆና ትታያለች። ከዚያ ወዲያ እስከ ሶማሊላንድ ድረስ ደረቅ ሣርና ሰማይ ብቻ ነው። የከብት ደወል ይሰማል። ነፋሱ ላባቸውን አደረቀው። ያ ተራራ ለሁለቱ በዚያ ጠዋት ትርጉሙ አንድ ነበር፤ ዳገቱ አለቀ፣ ቁልቁለቱ ይጀምራል።

ብዙም ሳይቆይ ካራማራ ሌላ ስም ሆነ። በ1969 ዓ.ም. ክረምት የሶማሊያ ጦር ድንበር ጥሶ ገባ፤ በመስከረም 1970 ጅግጅጋ ተያዘች። የኢትዮጵያ ሠራዊት ከኩባ ወታደሮች ጋር ሆኖ ከተማዋን ያስመለሰው የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ነው። አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ አካባቢ የቆመው የትግላችን ሐውልት የሚዘክረው ያንን ጦርነት ነው፤ በየዓመቱ የካራማራ ድል ሲከበር የአበባ ጉንጉን ይቀመጥበታል። የጅግጅጋ ሰው ግን ያንን ዘመን የሚያስታውሰው በጉንጉን ብቻ አይደለም። ጎረቤት ከጎረቤት ተለያይቷል፤ ሱቅ ተዘግቶ ቀርቷል። መምህሩ በዚያ ክረምት ለእረፍት ወደ ቤተሰቦቻቸው ሄደው ስለነበር ከዚህ አልነበሩም። ጎሚስታው ግን ነበር። ሲመለሱ ሱቁ ባዶውን ነው ያገኙት፤ ወሬው በሐርጌሳ በኩል ወጥቷል የሚል ነበር። ይህ እንግዲህ ከጉዞው በኋላ የሆነ ነው። ትዝታ ቅደም ተከተል አያውቅምና ካራማራን ሲያነሱ ሁለቱም ቀኖች አብረው ይመጣሉ፤ ብስክሌት የገፉበት ጠዋትና በሬዲዮ የሰሙት የካቲት።

ከካራማራ ወርዶ የፋፈንን ሸለቆ ከተሻገሩ በኋላ መንገዱ ወደ ዳካታ ይገባል። እዚህ ቦታ መኪና ውስጥ ሆኖ ያለፈ ሰው ብዙ ያመልጠዋል። ቤት የሚያካክሉ ድንጋዮች አንዱ በሌላው ላይ ተደርድረዋል፤ አንዳንዱ በጣት ቢነካ የሚወድቅ ይመስላል፤ ግን ዘመናት አልፈውታል። ነፋስና ዝናብ ለስላሳውን ክፍል እየበላ ጠንካራውን ትቶት ነው እንዲህ የቆመው። ጎሚስታው ብስክሌቱን አጋድሞ አንዱን ድንጋይ በትከሻው ገፋው። «አቦ፣ ተወው፤ ሐረር ሳንደርስ እንዳትገድለን!» አሉት መምህሩ። ድንጋዩ ከእሱ የባሰ ብዙ አይቷል፤ አልተነቃነቀም።

ባቢሌ የደረሱት ፀሐይ አናት ላይ ሆና ነው። ከተማዋ በኦቾሎኒዋ፣ በግመል ገበያዋና ከመሬት በሚወጣው የማዕድን ውሃዋ ትታወቃለች። በስተደቡብ ያለው የዝሆኖች መጠለያ በ1962 ዓ.ም. ነው የተከለለው፤ ያኔ ገና አዲስ ነበር። ሴቶች ጢስ ከታጠነ ዕቃ የግመል ወተት ይቀዳሉ። መምህሩ ያንን የጢስ ጣዕም እስከ ዛሬ ይፈልጉታል። አሁን ባቢሌ ሲደርሱ ወተቱ በቢጫ ጀሪካን ነው የሚመጣው፤ የጢሱ ሽታ ከጀሪካኑ ሽታ ጋር ይጣላል። ከባቢሌ እስከ ሐረር በቢሲዲሞ በኩል ነው። በጀርመናውያን እርዳታ የተቋቋመው የሥጋ ደዌ ሆስፒታል እዚያ አለ። የሆስፒታሉን ዛፎች ጥላ ተጠግተው ጎማ ለጠፉ። የማስቲሽ ሽታና የባሕር ዛፍ ሽታ ተቀላቅለው በመምህሩ አእምሮ አንድ ሽታ ሆነው የቀሩት ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው።

ስለ ሐረር ብዙ ተጽፏል፤ እዚህ ማርዘም አያስፈልግም። ከአሚር ኑር ጋር ስሙ የሚነሳው የጀጎል ግንብ አምስት ጥንታዊ በሮች አሉት፤ በውስጡ 82 መስጊዶች ይቆጠራሉ፤ በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። ብስክሌተኛ የሚገርመው ሌላ ነገር ነው፤ ወደዚህች ከተማ ሰው ሁሉ የመጣው በዝግታ ነበር። እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን በ1855 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከዘይላ ተነስቶ በሶማሌ ሜዳዎች አልፎ በበቅሎ ነው የገባው። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ በ1880 ለንግድ መጣ፤ ከ11 ዓመት በኋላ ጉልበቱ አልታዘዝ ሲለው ሰዎች በቃሬዛ ተሸክመው እስከ ዘይላ አወረዱት። እነዚህ ሁሉ በእንስሳና በሰው እግር ፍጥነት ሲጓዙ ጉድጓዱን፣ ዛፉን፣ የሰፈሩን ስም እያወቁ ነው ያለፉት። ብስክሌት ከሞተር ይልቅ ለዚያ ፍጥነት ይቀርባል። ሁለቱ ወጣቶች በጀጎል ጠባብ መንገድ ብስክሌት እየገፉ ሲገቡ ልጆች ተከተሏቸው፤ አንዲት እናት ሆጃ ቀድተው ሰጧቸው፤ ገንዘብ ሲያወጡ ግን ተቆጡ።

በማግስቱ ሐረርን ለቀው በአወዳይ በኩል ወጡ። አወዳይ ያኔም የጫት ገበያ ነበረች፤ የአሁኑን ያህል ግን አይደለም። ከዚያ በኋላ ነው፣ ከአንድ ጥምዝ ወጣ ሲሉ፣ ውሃው የታየው።

ጎሚስታው ፔዳል መምታት አቆመ። ብስክሌቱ በራሷ ጉልበት ጥቂት ሄዳ ቆመች። ሐይቁ ሰፊ፣ ግራጫና ሰማያዊ ነበር፤ ዳርና ዳሩ በደንገል ተከቧል። ነጫጭ ወፎች አንድ ላይ ተነስተው አንድ ላይ ያርፋሉ። ጀልባ ላይ የቆመ ሰው መረብ ይጥላል። ጭቃው፣ ዓሣውና እርጥብ ሣሩ የሚሸቱት አንድ ላይ ነው፤ ደረቅ ሜዳ ላይ ላደገ ሰው እንግዳ የሆነ ሽታ። ልጁ ጫማውን አውልቆ እስከ ጉልበቱ ገባ። ከዚያ ዞሮ ጮኸ።

«ባለቤቱ ማን ነው?»

«ማንም አይደለም» አሉ መምህሩ። ያኔ ትክክል የተናገሩ መስሏቸው ነበር።

ሐይቁ ብቻውን አልነበረም። በዚያ ደጋ ላይ አዴሌ፣ ፊንቂሌና ጢኒቄ የሚባሉ ትናንሽ ሐይቆችም አሉ፤ ሁለቱ ከመንገዱ እየወጡ እየገቡ፣ ገበሬዎችን እየጠየቁ አዴሌን ጭምር አዩ። የኮሌጁ ተማሪዎች በውሃው ዳር ተቀምጠው ያጠናሉ። ሐረር የምትጠጣው ከሐረማያ ሐይቅ እየተሳበ የሚሄደውን ውሃ ነበር። በየማሳው ድንችና ሽንኩርት ይለማል፤ ጫቱም ከዳገቱ ወደ ውሃው እየቀረበ ነው። ፓምፖች ግን ገና ጥቂት ነበሩ።

ሐይቁን ማንም አልገደለውም፤ ሁሉም ጠጣው። ከተማው ጠጣ፣ ማሳው ጠጣ፣ የናፍጣ ፓምፑ ሌሊቱን ሙሉ ጠጣ። ከተራቆተው ዳገት የሚወርደው ደለል ደግሞ ከሥር ሞላው። በ1997 ዓ.ም. ገደማ ሐረማያ ደረቀ። መርከብ የሚመስሉ ወፎች ይንሳፈፉበት የነበረው ቦታ ከብት የሚግጥበት፣ ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት ሜዳ ሆነ። ሐረር ውሃ አጥታ ተጨነቀች፤ ኋላ ላይ ከድሬዳዋ አቅራቢያ፣ ከድሬ ጃራ ጉድጓዶች፣ ውሃው ዳገቱን ሽቅብ ተገፍቶ እንዲመጣላት ተደረገ። የሐይቁ ሞት ለዓመታት የመማሪያ ምሳሌ ነበር፤ መምህሩም ክፍል ውስጥ ስለ ተፋሰስ ሲያስተምሩ ስሙን ሲጠሩ ድምፃቸው ዝቅ ይል ነበር።

ከዚያ ተመለሰ። ባለፉት ዓመታት ዝናቡ በርትቶ፣ በዳገቱ ላይ የተፋሰስ ሥራ ተሠርቶ፣ ከሐይቁ ውሃ የሚስበው የከተማው መስመር ስለተቋረጠ ውሃው እንደገና ተጠራቅሟል። ወፎቹ መጥተዋል፤ ዓሣ አጥማጆችም ታይተዋል። ሰዉ ይህን ሲያወራ የሞተ ዘመድ በር ያንኳኳ ያህል ነው የሚገረመው። መምህሩ ራሳቸው ሄደው አይተዋል። ተደስተዋል፤ ግን ሙሉ በሙሉ አላመኑም። ሐይቁን ያደረቀው ፓምፕ እዚያው አለ፤ ጫቱም እዚያው አለ፤ ጫት ከድንች የተሻለ እየከፈለ ገበሬውን «ውሃ አትንካ» ማለት ደግሞ ለሚናገረው ይቀላል። ልማቱ ፊቱን ካላዞረ ዝናብ ብቻውን ሁለተኛ ጊዜ ማዳኑ አጠራጣሪ ነው።

በዚያ ጉዞ ሁለቱ ወጣቶች ከሐይቁ ወደ ድሬዳዋ የወረዱት በደንገጎ ነው። የዚያን ቁልቁለት ነገር ያየ ያውቀዋል። ከ2,000 ሜትር በላይ ከሆነው ደጋ ተነስቶ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ወደምትገኘው ድሬዳዋ ጥምዝ በጥምዝ ይወርዳል። አየሩ በየጥምዙ ይሞቃል፤ ሹራብ ይወልቃል፤ የፍሬን ጎማ ይሸታል። የመምህሩ ቢያንኪ የኋላ ፍሬን በዚያ ቀን ደስ አላለውም፤ ስለዚህ አብዛኛውን በጫማቸው ሶል ነው የወረዱት። የምድር ባቡሩ መሐንዲሶች ይህንን ዳገት ፈርተው ነው ሐረርን ትተው ከሥሩ ሜዳ ላይ ጣቢያ የሠሩት፤ ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. እዚያ ሲደርስ ድሬዳዋ ተወለደች። ባቡር የፈራውን ሁለት ፍሬን አልባ ወጣቶች መውረዳቸው እስከ ዛሬ ያስቃቸዋል።

ከድሬዳዋ ወደ ሰሜን፣ ሽንሌ፣ መንገዱ ሜዳ ነው። ከሐዲዱ ጎን ለጎን ሄደው ባቡር ሲመጣ ከእሱ ጋር ተሽቀዳደሙ፤ የመጨረሻው ፉርጎ ላይ የተሰቀለ ልጅ እጁን አውለበለበላቸው። በዚያ ዘመን የሽንሌ፣ የአይሻና የደወሌ ኑሮ በዚያ ባቡር ሰዓት ነበር የሚመራው። አሁን በዚያው ቆላ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ያልፋል፤ ፈጣን ነው፤ ብስክሌት አብሮት ሊሽቀዳደም አይችልም።

ከጅግጅጋ በስተሰሜን ያሉትን ከተሞች ግን አብረው ሳያዩ ቀሩ። ስሙን እዚያ ከተቀበሩት ሼኽ ያገኘውን አውበሬን ሊሄዱ ተቀጣጥረው ነበር። ከዚያም እስከ ቶጎ ውጫሌ ድንበር ድረስ። ጊዜ አልበቃም፤ ከዚያ ጦርነቱ መጣ። በ1980ዎቹ የሐርጌሳ ጦርነት ደግሞ ሕዝቡን በተቃራኒው አቅጣጫ አፈለሰው። ከጅግጅጋ በስተምሥራቅ የነበረው የሐርቲሼክ የስደተኞች ጣቢያ በአንድ ወቅት ከዓለም ትልቁ ነበር፤ እስከ 1996 ዓ.ም. ድረስ ቆየ። ጎሚስታው በሄደበት መንገድ ሌሎች በተቃራኒው መጡበት።

እሱ ራሱ ያለው አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ነው። ከብዙ ዓመት በኋላ ነው ስልኩ የተገኘው። ያ ልጅ፣ ቢርካ ብቻ የሚያውቀው፣ በመኪና ሰሌዳው ላይ «የ10,000 ሐይቆች ምድር» ተብሎ በሚጻፍበት ግዛት አርጅቷል። የብዙ ሶማሌዎች መኖሪያ የሆነችው ሚኒያፖሊስ ሐይቆቿን በእግረኛና በብስክሌት መንገድ ከብባለች፤ መንገዱም ለሁሉም ክፍት ነው። በበጋ እሱም አንዳንዴ እዚያ ይነዳል፤ ጉልበቱ ግን እንደ ድሮ አይደለም። አንድ ቀን በስልክ «መምህር፣ የእኛ ሐይቅ ተመለሰ ይላሉ፤ እውነት ነው?» አለ። እውነት ነው አሉት። ዝም አለና ቀጠለ። «እንግዲያው ዙሪያውን መንገድ ይሥሩለት። መንገድ ያለው ውሃ ጠባቂ አለው።»

ይህ ሐሳብ እንዲያው የስደተኛ ናፍቆት ተብሎ መታለፍ የለበትም። ኢትዮጵያ ብስክሌት እንግዳዋ አይደለም። ገረመው ደንቦባና ጓደኞቹ በ1949 ዓ.ም. አገሪቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በተካፈለችበት የሜልቦርን ኦሊምፒክ የተወዳደሩት በብስክሌት ነው። ባሕር ዳር ከጣና ዳር ብስክሌትን ኑሮዋ አድርጋለች። የጅግጅጋና የድሬዳዋ መንገድ ደግሞ ጦር ሜዳ፣ ዓለት፣ ጥንታዊ ግንብና ሐይቆች በአንድ መስመር የተሰደሩበት ነው። የጎደለው ቦታ ነው፤ አስፋልቱ ዳር የለውም፤ ከአይሱዙና ከጫት መኪና የሚሸሽበት ትከሻ አልተሠራለትም።

የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ፣ የኦሮሚያና የሐረሪ የቱሪዝም ቢሮዎች፣ የሶማሌ ክልልም ጭምር፣ ከሐይቁ ዙሪያ የጥርጊያ መንገድ ይጀምሩ። አስፋልት አይጠይቅም፤ ብስክሌት የሚያልፍበትና ጫት የማይተከልበት ጥቂት ሜትር ስፋት ይበቃል። ፓምፑ ከዚያ መስመር ወዲህ እንዳይቆም ይደረግ። ለመሄድ የሚያስቡ ወጣቶች ደግሞ ክረምቱ ካለቀ በኋላ፣ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ይውጡ፤ ካራማራን በማለዳ ይጨርሱት፤ ውሃ ባቢሌ ላይ ይሙሉ፤ ደንገጎን ከመውረዳቸው በፊት ፍሬናቸውን ጎሚስታ ያሳዩ። ከጅግጅጋ እስከ ድሬዳዋ ያለው ርቀት ወደ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።